በእግሯ ትሄድ ነበር

ሰኔ 12፣ ሚካኤል

ይህ ደብተር የልጄ የርብቃ ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ የተረፈ። ከፊቱ የአንጀትና የጨጓራ ሥዕል ስላለበት ከኋላው ጀመርኩ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ካቆምኩ ወዲህ ብዙም ጽፌ ስለማላውቅ እጄ ከብዷል። ግን የሆዴን ለሰው ብነግር ነገ ገበያ ላይ አገኘዋለሁ። ወረቀት ይሻላል።

ዛሬ ማስታወቂያው ወጣ። ርብቃ አንብባ መጣች፤ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ዝም ብላ ትታጠባለች።

«ምነው? አልወጣም እንዴ?»

«ወጥቷል።»

«ታዲያስ?»

«ሞተር ይላል እማዬ።»

የእናቶችና የሕፃናት ምግብ አማካሪ ነው የሚፈልጉት። ዲግሪ ይላል፤ አላት። ልምድ ይላል፤ ዓመት ሙሉ በነጻ ስትሠራላቸው የከረመችው እሷ አይደለችም? በእግሯ ቁልቁለቱን ወርዳ ዳገቱን ወጥታ፣ ሕፃን እየመዘነች፣ ገብሱን ከባቄላው ከእንቁላሉ ጋር እንዴት እንደሚያገነፉት እያሳየች። የገጠሩ ሴቶች «የገንፎዋ ልጅ» ነው የሚሏት። ገጠር ለመኖር ፈቃደኛ የሆነች ይላል፤ ናት። መጨረሻ ላይ ግን «የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ ያለው/ያላት» ይላል።

ርብቃ ደግሞ ሞተር መንዳት አትችልም። ሰው አያውቅም እንጂ ከአሥረኛ ክፍል ጀምሮ ያ ነገር አለባት። ድንገት ዓይኗ ይገለበጣል፤ ጥርሷ ይገጥማል፤ ወድቃ ትንቀጠቀጣለች። ሲለቃት ምንም አታስታውስም። ስሙን እዚህም አልጽፈውም። ደብረ ታቦር ያሉት ሐኪም በየማታው የምትዋጥ ትንሽ ነጭ ክኒን ካዘዙላት ወዲህ ግን መጥቶባት አያውቅም። እሳት ዳር ብቻሽን አትቀመጪ፣ ወንዝ ብቻሽን አትሻገሪ፣ መኪናም ሞተርም እንዳትነጂ ብለዋታል። ይህን የምናውቀው እሷ፣ እኔና የነፍስ አባታችን አባ ይታየው ብቻ ነን። አባቷ ሳያይ ሞተ። ጎረቤት ከሰማ ማን ያገባታል? ማንስ ልጁን እንድትመዝን ይሰጣታል?

ሰኔ 14

ማስታወቂያውን ያወጣው ቢሮ ሄድኩ። የቅጥሩ ኃላፊ አቶ አንተነህ ሻይ ቤቴ ቁርሱን የሚበላ ልጅ ነው። ፉል ሲያዝ እንኳ «እባክዎ» የሚል፣ የጨዋ ልጅ።

«እትዬ ስንዱ፣ መስፈርቱን እኔ አላወጣሁትም። ከላይ ነው የመጣ» አለኝ።

«ከላይ ከሆነማ እግዚአብሔር ነዋ። እሱን እኔ አነጋግረዋለሁ።»

ሳቀ። «ቀበሌዎቹ ሩቅ ናቸው እኮ» አለ።

«ርብቃ ሩቅነታቸውን በእግሯ ለክታዋለች። በእግሯ ትሂድ። የለም ካላችሁም በቅሎ እፈልግላታለሁ።»

«በቅሎ መስፈርቱ ላይ የለም።»

«ሞተሮቹስ የታሉ? ግቢው ውስጥ አንድም አላየሁ።»

«ገና ናቸው። ጨረታ ላይ ናቸው።»

«እንዲህ ነው እንጂ! ጥጃው ሳይወለድ እረኛ ተቀጠረ።»

እሱም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ «ግን ለምን አትማርም? ወጣት ናት። ምን ችግር አለባት?» አለኝ። «ትፈራለች» አልኩት። ልጄን ፈሪ አደረግኋት።

ልወጣ ስል ተከትሎኝ በሩ ድረስ መጣ። በመስከረም ሁለተኛ ዙር አለ። «ፈቃዱን ይዛ ከመጣች ቦታው የእሷ ነው፤ ሥራዋን በዓይኔ አይቻለሁ» አለኝ። መንገዱን ሁሉ ይቺው ቃል ተከተለችኝ። የእሷ ነው። የእሷ ነው።

ሰኔ 23

የጎረቤቴ የእመቤት ልጅ ዘመኑ በመጀመሪያው ዙር አለፈ። እልል አለች፤ እኔም አብሬ እልል አልኩ፤ ምን ላድርግ። ዘመኑ ሞተር ላይ ወጥቶ አያውቅም። ፈቃዱን ያስወጣለት ከተማ ያለው አጎቱ ነው። ራሷ ናት እየሳቀች የነገረችኝ።

«የጠየቁት ወረቀቱን ነው እንጂ መንዳቱን ነው እንዴ ስንዱዬ?»

እኛ አጎት የለንም።

ደግሞ አትተውም፦ «ርብቃ ያን ያህል ተምራ ተምራ ሞተር ፈርታ ልትቀር ነው? ኧረ ቤት ተቀምጣ ጸጉሯ እንዳይሸብት!»

ርብቃ ጓዳ ነበረች። ሰምታለች። ማታ ክኒኗን ስሰጣት መዳፏን ዘርግታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ሐምሌ 6

ዝናብ። ገበያው ጭቃ ነው።

ክንዱን ለመንኩት። በሞተር ሰው የሚያመላልስ ልጅ ነው፤ ከርብቃ ጋር አንድ ክፍል ተምረዋል። «እሷን? በወር ውስጥ ታበርረዋለች እትዬ» አለኝ። ከኳስ ሜዳው ዳር ሊያስተምራት ነው።

ርብቃ ግን፦ «እማዬ፣ ሐኪሙ ያሉትን ረሳሽው?»

«ስንት ዓመትሽ ያ ነገር ካልመጣ?»

«ክኒኑ ነዋ ያስቀረው።»

«ከቀረ ቀረ ነው። ለፈተናው ብቻ እኮ ነው። ከዚያ በኋላ በእግርሽ ትሄጃለሽ፤ ማን ያይሻል? ሞተሩም የለ።»

ብዙ አየችኝ። «ሥራውንስ እፈልገዋለሁ» አለች። ሥራውን ትፈልገዋለች። እኔ አላስገደድኳትም።

ሐምሌ 20

ነዳች! ሁለት ጊዜ ጭቃ ውስጥ ተንከባለለች፤ ተነሥታ እስከ ጥርሷ ጭቃ ሆና ሳቀች። ዘንድሮ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ክንዱ «ኧረ ቀስ! ሞተሩን እንደ አህያ አትርገጪው!» ይላታል።

አንድ ነገር ግን አለ። ለፈቃዱ የጤና ምርመራ አለ። ዓይን ያያሉ፤ ከዚያ የሚጥልሽ ነገር አለ ወይ ብለው ይጠይቃሉ፤ የለም ብሎ መፈረም ነው። ርብቃ «አልፈርምም፤ ውሸት ነው» አለች።

ልክ ናት። ውሸት ነው። ከዳነች ግን ውሸት አይሆንም።

ሐምሌ 27

ከወገዳ የመጡ ሁለት ሴቶች ሻይ ሲጠጡ አዋሩኝ። ለፍልሰታ ሱባዔ ጠበል ሊገቡ ነው። የአንዷ የእህቷ ልጅ ልክ እንደ... እንደዚያ ነበረ አሉ፤ ዛሬ ሚስት አግብቶ ያርሳል።

«ክኒንስ ይወስድ ነበር?» አልኳት፤ እንደ ዋዛ።

«ወይ እቴ! ክኒንና ጠበል የት አብሮ ይሄዳል? ጠበል ሁለት ልብ አይወድም።»

ጠበል ሁለት ልብ አይወድም። ስኳሩን ከፍ አድርጌ ሰጠኋቸው።

ነሐሴ 1

ነገ ጧት እንነሣለን። በሶ፣ ሽምብራ ቆሎ፣ ነጭ ልብስ፣ አንድ ጋቢ። ክኒኑን ሳጥኑ ውስጥ ቆለፍኩት። ቁልፉ እንደ ወትሮው ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ ነው። ለርብቃ «ለሱባዔው ብቻ ነው» አልኳት። ተከራከረችኝ፤ አለቀስኩ፤ ዝም አለች።

አባ ይታየውን ሳልሰናበት ነው የምሄደው። በፍልሰታ ቅዳሴው ይበዛባቸዋል። በትንሽ በትልቁ እሳቸውን ማድከም አይገባም።

ነሐሴ 8

ብርድ። ውኃው እንደ በረዶ። ሌሎቹ ይጮኻሉ፤ የእኔ ልጅ አትጮህም። ምንም አልመጣባትም። ምንም! እመቤቴ ማርያም ሆይ ስለትሽን አልረሳም። ከንፈሯ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ብርዱ ነው።

ነሐሴ 17

ገባን። ጾሙ ተፈታ። ርብቃ ከስታለች እንጂ ደህና ናት። ከማንም ሳትጣላ፣ ሳትወድቅ፣ ሱባዔውን ጨርሳ መጣች። ያ ነገር ቢኖር አይወጣም ነበር? ዳነች ማለት ነው። ዳነች።

ነሐሴ 21

«እማዬ ክኒኑን ስጪኝ» አለች።

አልቋል አልኳት። ደብረ ታቦር ስንሄድ እናመጣለን፤ መንገዱ ደግሞ አንድ ቀን ሲከፈት አንድ ቀን ሲዘጋ ነው።

ሳጥኑን መክፈት ፈራሁ። የዳነ ሰው ክኒን ከዋጠ ጠበሉን ናቀ ማለት አይደለም ወይ? ደግሞ ፈተናው መስከረም 6 ነው። እስከዚያ ብቻ። ከዚያ እሰጣታለሁ። ብትድንም እሰጣታለሁ።

ነሐሴ 28

የጤናውን ወረቀት ፈረመች። ዳንኩ ብላ ነው እንጂ የዋሸች አይደለችም፤ እጇ ግን ሲጽፍ ቀስ አለ። ክንዱ «አሁን እኔን ታስተምረኛለች» ብሎ ይቀልዳል። አቶ አንተነህ ፉል ሲበላ ነገርኩት። «ጀግና!» አለ።

ጳጉሜ 1

ሽንኩርት ስትልጥ ቢላው ከእጇ ወደቀ። ጠራኋት፤ አልሰማችኝም፤ ግድግዳውን ታያለች። ከዚያ «አቤት?» አለች።

እንቅልፍ ነው። ማታ ለፈተናው ስታነብ አምሽታ ነበር።

ጳጉሜ 3፣ ሩፋኤል

ወደቀች

ጳጉሜ 4

ሆስፒታል ነኝ፤ ወንበር ላይ። ሕይወቷ አለ። ተመስገን። ግራ እግሯ ከጉልበቷ በላይ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ትናንት የሩፋኤል ዝናብ ነበርና ሕፃናቱ ራቁታቸውን እየዘለሉ «ሩፋኤል አሳድገኝ» ይላሉ፤ እሷ በክንዱ ሞተር ልክ በእነሱ ዳር አለፈች፤ እኔ ደጃፌ ላይ ቆሜ እጄን አውለበለብኩላት። ከዚያ ከድልድዩ ስር።

ሐኪሙ ወጣት ነው። «ከዚህ በፊት ወድቃ ታውቃለች? ራሷን ትስታለች?» አለኝ።

«አታውቅም። ጭቃው ነው» አልኩት።

ጳጉሜ 5

ሌሊት መጣባት። የታሰረ እግሯ ጭምር እየተንቀጠቀጠ፤ ያ የተሰበረ አጥንት፤ ድምፁን ሰማሁት። ከጎን ያሉት እንዳያዩ ነጠላዬን ጣልኩባት። ነጠላ ጣልኩባት! እናት ነኝ እኔ?

ነርሷ ነጠላውን ገፍፋ ሮጣ ሐኪሙን ጠራች። ሐኪሙ ወደ ኮሪደሩ አወጣኝ።

«እናት፣ እውነቱን ካልነገሩኝ ምን ልስጣት? መድኃኒት ነበራት?»

«ነበራት።»

«ለምን ቆመ?»

«አለቀ» አልኩት።

ክኒኑን እንደገና ጀመሩላት።

መስከረም 1

አበባየሆሽ የሚሉ ልጃገረዶች ሆስፒታሉ በር ላይ ዘፈኑ። ርብቃ «ንገሪያቸው ይሂዱ» አለችኝ። ዓይኗ ደርቋል። እግሯ ቢጠገንም እንኳ እንደ ድሮው ዳገት አያወጣትም አሉ። ሞተሩ ላይ ያለችው ስንት ሳምንት ነው? እግሯ ላይ የኖረችው ዕድሜዋን ሁሉ ነበር።

መስከረም 3

ክንዱ ጣቢያ ገብቷል። ፈቃድ የሌለው ሰው አስነድተሃል፣ ጠጥተህ ነበር ብለውታል። እመቤት ልትጠይቀን ብርቱካን ይዛ መጥታ፣ «ይሄ ሰካራም! ስንዱዬ እንዳትለቂው!» አለች። ክንዱ ጠላ እንኳ አይቀምስም።

ብርቱካኑን ተቀበልኩ።

መስከረም 4

ምሳ ቋጥሬ ጣቢያ ሄድኩለት። ጸጉሩ ላይ ገለባ። አፈርኩ፤ ምሳውን ብቻ አቀበልኩት።

«ጭቃው ነው አይደል ክንዱ?» አልኩት።

ወዲያ ወዲህ አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እትዬ፣ ከኋላዋ ተቀምጬ ነበር። ጭቃ አልነበረም፤ ጠጠር ነው እዚያ ጋ። ጠራኋት፤ አልሰማችኝም። አንገቷ ወደ ጎን ዞረ፤ እጇ የነዳጁን እጀታ እንደያዘ ደረቀ። ላላቅቀው ብል አልቻልኩም።»

«ለፖሊሶቹ ነገርካቸው?»

«ምን ብዬ?» አለ። «እንዲህ ያለ ነገር አገር ከሰማ ማን ያገባታል ይሉ የለ? ዝም ነው ያልኩ። እኔስ ምን እሆናለሁ፤ እወጣለሁ።»

እንጀራውን ቆርሶ «ይጉረሱ እንጂ እትዬ» አለኝ። እዚያ ውስጥ ሆኖ እኔን ያጎርሰኛል።

መስከረም 7

አልተኛሁም። ብናገር ልጄን አዋርዳለሁ። ባልናገር የሰው ልጅ ይበሰብሳል። ብናገር። ባልናገር። ይህችን ብቻ እየጻፍኩ ወረቀቱን ጨረስኩት።

መስከረም 8

አባ ይታየው ሆስፒታል መጡ። ርብቃን ጸለዩላት፤ መስቀላቸውን አሳለሟት። ከዚያ ውጭ ከግንቡ ላይ አብረን ተቀመጥን። ነገርኳቸው፤ ጠበሉን፣ ክኒኑን፣ ሳጥኑን። ሁሉን።

መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «ስንዱ፣ ክኒኑን የሠራውን ሰው ማን ፈጠረው? እኔ ራሴ ለደም ግፊቴ እየዋጥሁ አይደል የምቀድሰው? ጠበሉንም ክኒኑንም ውሰጂ እልሽ ነበር። ለምን ሳትጠይቂኝ ሄድሽ?»

«እንዲህ እንደሚሉኝ አውቄ ነው አባቴ» አልኳቸው።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው እኔም የሰማሁት።

መስከረም 10

ጣቢያ ሄድኩ። እዚያ ሰው ሞልቷል፤ እመቤትም ለበግ ክስ መጥታ ተቀምጣለች። ለአዛዡ ብቻ በጆሮው ልነግረው አስቤ ነበር። እሱ ግን ቀና ሳይል «ጮክ ብለው ይናገሩ እናት፣ ጫጫታ ነው» አለኝ።

ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ልጄ የሚጥል በሽታ አለባት አልኩ። ከአሥረኛ ክፍል ጀምሮ አልኩ። ክንዱ አያውቅም፣ አልጠጣም፣ እንዲያስተምራት የለመንኩት እኔ ነኝ አልኩ። ጫጫታው ቆመ። እመቤት አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ይኸው ጻፍኩት። የሚጥል በሽታ። ስሙን መጥራት ያን ያህል ዓመት ፈጀብኝ፤ ሲጻፍ ግን ሁለት ቃል ነው።

ክንዱን ከሰዓት በኋላ ለቀቁት። ሞተሩ የሚጠገን አይመስልም።

መስከረም 15

ርብቃን ቤት አመጣናት። ሻይ ቤቱ ባዶ ነው ዛሬ። ሁለት ደንበኞች ሳይገቡ በበሩ አጠገብ አለፉ። ሰላምታ ሲሰጡኝ ርብቃ የጠጣችበትን ብርጭቆ ያያሉ። ክንዱ ብቻ መጥቶ ከአልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ «ሞተሬን የገደልሽ ገዳይ» ሲላት ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች።

በመስኮቱ ዘመኑን አየነው። ጃንጥላና ቦት ጫማ፤ በእግሩ ወደ ገጠር ይወርዳል። ሌሎቹም ተቀጣሪዎች ከኋላው፤ በእግራቸው። ርብቃ መጋረጃውን ዝጊልኝ አለችኝ።

መስከረም 18

አቶ አንተነህ ሊጠይቃት መጣ፤ ስኳር ይዞ። አልጋዋ አጠገብ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ሞተሮቹን ጠየቅኩት። ጨረታው ተሰርዟል፤ እንደገና ይወጣል አለ።

«ስለዚህ መስፈርቱ ይነሣል?»

«አይነሣም እትዬ። መስፈርቱ መስፈርት ነው።»

ከዚያ፣ እንደ መውቀስ ሳይሆን እንደ ማዘን፣ «ምነው ያኔ ቢሮዬ ሲመጡ ቢነግሩኝ ኖሮ?» አለኝ።

«ብነግርህ ትቀጥራት ነበር?»

ስኳሩን ከጉልበቱ ወደ ወንበሩ፣ ከወንበሩ ወደ መሬት አዛወረ።

«ንገረኝ እንጂ የእኔ ልጅ። በሽታ አለባት፣ ሞተር አትነዳም፣ በእግሯ ግን እናንተ ያልደረሳችሁበት ትደርሳለች ብልህ ትቀጥራት ነበር?»

ስኳሩን መልሶ ከመሬት አነሣው። የጨዋ ልጅ ነው፤ አልዋሸኝም። ከአልጋው ላይ ርብቃ ነች የመለሰችለት፦ «የማመልከቻዬን ወረቀት መልሱልኝ አቶ አንተነህ። በሽታዬን ጽፌበት እንደገና አስገባዋለሁ። እምቢ ስትሉ ለምን እንደሆነ አውቃችሁ እምቢ በሉ።»

እሺ ብሎ ወጣ። ማንም የሚቀጥራት አይመስለኝም። እሷም አይመስላትም። ለምን እንደምትጽፈው አልጠየቅኳትም።

ማታ

ልጽፈው አልነበረም።

የክኒኑ ሰዓት ደረሰ። ከሆስፒታል የሰጡንን ላመጣላት ስነሣ፣ ጣሪያውን እያየች «እማዬ» አለችኝ። «ያኔ ክኒኑ አላለቀም ነበር፤ አይደል?»

ዝናቡ ቆሞ ነበር፤ ቤቱ ጭር ብሏል። ጭቃው፣ ብርዱ፣ እንቅልፉ፣ ሁሉም አፌ ላይ ተሰልፈው መጡ። ለሌላው ሁሉ የሰጠኋቸው።

«አላለቀም ነበር» አልኳት።

አላለቀሰችም። አልተቆጣችም። እጇን ብቻ ዘረጋች፤ ለክኒኑ መስሎኝ አቀበልኳት። ክኒኑን በሌላ እጇ ተቀብላ ዋጠች፤ የተዘረጋው እጇ ግን አልታጠፈም።

ገባኝ። ከማተቤ ላይ የሳጥኑን ቁልፍ ፈታሁ። ስንት ዘመን ታስሮ ክሩ አልላላ ብሎ በጥርሴ ነው የፈታሁት። መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት፤ ጨበጠችውና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።